የማሽኑ ተራ

የሐዋሳው እንግዳ ማረፊያ ያለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን አንድ ብቻ ነው። አንድ እንግዳ ልብሱን ይዞ ሲመጣ ታጥቦ ያለቀ የሰው ልብስ ውስጡ አገኘ። ጥቂት ጠበቀ። «ምን ዓይነት ባለጌ ነው!» ብሎ እርጥቡን ነጠላና ቀሚስ መሬት ላይ ዘረገፈው፤ የራሱን ከትቶም ወደ ሐይቁ ወረደ።

ሲመለስ ሸሚዞቹ ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። አንዲት አሮጊት አፈር የነካው ነጠላቸውን በእጃቸው ያሻሉ።

«ያንተ ነው የኔ ልጅ? እንዳይሸትብህ አሰጣሁልህ።»

ዓይኑ ነጠላው ላይ ቀረ።

«እኔማ መሬት ላይ ጥዬው ሄጄ!» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ልጆቼ ‹መርሳት ጀምረሻል፣ ቤትሽን ሽጠሽ እኛ ጋ ግቢ› ሲሉኝ እሟገታቸው ነበር። ለካ እውነታቸውን ነው። ዛሬ እሺ እላቸዋለሁ።»

«ያጋጥማል፣ እማማ» አለ፣ ሸሚዙን ገመዱ ላይ እያስተካከለ።