ሁለቱ ጋይንቴዎች

አማረች ልጇን ሃይማኖትን ለናትናኤል መዳር አልፈለገችም። ልጁ እንከን አይወጣለትም፤ መምህር ነው፣ ጨዋ ነው፣ መጠጥ አይቀምስም። ችግሩ እናቱ ናት።

እናቱ ትዝታ ለሽምግልናው ከስማዳ፣ ከወገዳ፣ እስቴ ድረስ መጣች። መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ከአማረች ግቢ ገና እግሯ ሳይገባ፣ «አጥሩ ወደ ጎረቤት አጋድሏል» አለች።

«አንቱን አይቶ ደንግጦ ነው» አለቻት አማረች።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ማን ይቻላቸው! አንዷ ስትወረውር ሌላዋ ስትመልስ፣ ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ረስተው አንገታቸውን ግራና ቀኝ ሲያዞሩ ዋሉ።

«እንዲህ ያለች ምላሰኛ አማት ልጄን ቆርጥማ ትበላታለች» አለች አማረች ለጎረቤቷ ለዕፀገነት።

«ቁርጥ አንቺን እኮ ናት» አለች ዕፀገነት። አማረች ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈቻት።

እግዜር ግን አማረችን ሰማት። በአገሩ ደንብ እስከ ሰባት ቤት ዘር ሳይቆጠር ቀለበት የለም፤ በሰባት ቤት ውስጥ የተገናኘ ዘመድ ነው፣ ዘመድ ደግሞ አይጋባም። ሽማግሌዎቹ ከአባቶች ወገን ጀመሩ።

«የናትናኤል አባት?»

«ዳዊት።»

«የዳዊትስ አባት?»

«መሪጌታ ጋይንቴ፤ ወገዳ ላይ ዜማ ያስተማሩ።»

አማረች ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። የሟች ባሏም አባት መሪጌታ ጋይንቴ ነበሩ፤ መካነ ኢየሱስ ላይ ዜማ ያስተማሩ።

«ፍረዱ እንግዲህ! የአንድ ሰው የልጅ ልጆች ልታጋቡልን ነበር!»

ሃይማኖት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ናትናኤል ስልኩን አወጣና «ጋይንቴ» የሚል ስም ፌስቡክ ላይ ፈለገ። ባሕር ዳር ሞልቷል። ደብረ ታቦር ሞልቷል። አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ጋይንቴ አለ፤ ሌላው ካናዳ በረዶ ላይ ቆሞ ይስቃል። ከራሱ ከጋይንት ግን አንድም ጋይንቴ አልወጣም።

«ዘመድ አጋብተው ተሰደዱ ነዋ!» አለች አማረች።

ትዝታ መቀነቷን አጠበቀች። «ላሟ አልጠፋችም፤ ሜዳው ነው የሰፋው። ሄደን እንጠይቃለን።»

አማረች ነገሩ ከነከናት። ይቺ የላም ተረት የአባቷ ቤት ተረት ናት፤ ከአያቷ የወረደች። «ልጄ ሳትበቃት ተረቴንም ነጠቀችኝ!» አለች በልቧ።

ሁለቱ እናቶች ከነልጆቻቸው፣ የድጓ ዜማ ወደሚመሰከርባት ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም አብረው ሄዱ። አውቶቡሱ እስከሚችለው አደረሳቸው፣ የቀረውን በእግር ተያያዙት። ቁልቁለቱ ላይ አማረች አማተበች። አያቷ መሪጌታ ደምሌ እሷ ሳትወለድ ድጓ ሊያስመሰክሩ ብለው ሚስታቸውንና ልጃቸውን ተሰናብተው ከእስቴ ወደዚሁ ቤተ ልሔም እንደወጡ አልተመለሱም፤ መንገድ ላይ ጅብ በላቸው ተብሎ ያለ አስከሬን ተዝካራቸው ወጣ። ስታማትብ እግሯ አዳለጣት። ትዝታ በነጠላዋ ጫፍ ያዘቻት።

«ብለቅዎት ሠርጉ ተዝካር ይሆን ነበር» አለች።

አማረች ሳታስበው ሳቀች። ቶሎ ብላ ሳቋን ዋጠችው።

አረጋዊው የዜማ መምህር የኔታ ይርጋ ከዋርካው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። «ጎጃሜ! ለእንግዶች በርጩማ!» አንድ የድጓ ተማሪ በርጩማ ይዞ መጣ። «ወሎዬ! ውኃ!» ሌላው በቅል ውኃ አቀረበ።

«ስማቸው ማን ነው?» አለች ትዝታ።

«የክርስትና ስማቸውንማ እግዜር ያውቀዋል። ተማሪ የሚጠራው በመጣበት አገር ነው።»

አማረች ወደ ጉዳይዋ ገባች። «የኔታ፣ መሪጌታ ጋይንቴ የሚባሉትን ያውቋቸዋል?»

የኔታ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ልጄ፣ እዚህ በግ ጠባቂውም፣ ቄሱም፣ እኔም ጋይንቴ ነን። ማን ማንን ጋይንቴ ብሎ ይጠራል? ሰው በአገሩ ስም የሚጠራው ካገሩ ሲወጣ ነው። የእስቴያችሁ ጋይንቴ ሙሉቀን ነው፣ የላይ ጋይንት ሰው። የወገዳው ዮሐንስ ነው፣ የታች ጋይንት። ሁለቱም እዚሁ አብረውኝ ነው ድጓ ያሉ።» ከዚያም የሁለቱንም ዘር እስከ ሰባት ቤት እንደ መዝሙረ ዳዊት በቃላቸው ወረዱት። አልተገናኘም።

ሃይማኖት እልል አለች። አማረች ቆሎ ጉሮሮዋ ላይ የቀረባት ትመስል ነበር።

ሲመለሱ ግን ነገሩ ተለወጠ። ትዝታ የአማረችን ስንቅ ተሸከመችላት፤ አማረችም የሽማግሌዎቹን አረማመድ እያስመሰለች ትዝታን በሳቅ አፈረሰቻት። መካነ ኢየሱስ ሲደርሱ ዕፀገነት ሁለቱን ክንድ ለክንድ ተያይዘው አይታ አማተበች።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ቀለበቱ ሰሐን ላይ ተቀምጧል፣ በጉ ደጅ ታስሯል። የቀረው የእናቶቹ ወገን ብቻ ነው።

«ለደንቡ ያህል ነው፣ ቶሎ በሉ» አለች አማረች፣ እሷው ራሷ። «የእኔ አባት ሃብቴ፣ የሃብቴ አባት መሪጌታ ደምሌ፣ ጅብ የበላቸው።»

«ነፍስ ይማር» አለች ትዝታ ከልቧ። «የእኔ አባት ዓለምነህ።»

«የዓለምነህስ አባት?» አለ ሽማግሌው፣ እጁ ወደ ቀለበቱ እየሄደ።

ትዝታ ሳቀች። «እሳቸውማ ስማቸውን እስኪሞቱ ለማንም አልነገሩም፤ ድጓ ላስመሰክር ብለው ሲሄዱ ወገዳ ላይ አያቴን አይተው እዚያው ቀሩ፤ ያችን የላም ተረት ያወረሱንም እሳቸው ናቸው፤ አገሬው የሚጠራቸው ‹መሪጌታ እስቴ› እያለ ነበር።»