የተቆለፈው ካርድ

የደዋዩ ስም የኮምፒውተሯ ማያ ላይ ሲወጣ የባንኩ የስልክ ሠራተኛ ቀና ብላ ተቀመጠች። ያፌት ነው፤ የሠርጋቸው መጥሪያ ታትሞ ካለቀ በኋላ ጥሏት የሄደው ያፌት። ያኔ ታናሽ እህቷ ሶስና ከእሷ ብሳ ሳምንት ሙሉ አልቅሳ ነበር።

"እህቴ፣ ሆቴል ሒሳብ ልከፍል ብል ካርዴ እምቢ አለ" አለ። በሙዚቃው ጫጫታ ድምፅዋን አልለየውም። "ከእጮኛዬና ከወላጆቿ ጋር ነኝ፤ በናትሽ አታዋርጂኝ።"

ምክንያቱ ፊት ለፊቷ ተጽፏል። የምስጢር ቁጥሩን ደጋግሞ ስለተሳሳተ ካርዱ ተቆልፏል። ለማስከፈት አንድ የምስጢር ጥያቄ መመለስ አለበት። ጥያቄውን ስታነብ ፈገግ አለች። መልሱ ለሠራተኛ አይታይም፤ ደንበኛው ሲናገር ጽፎ ማረጋገጥ ነው። እሷ ግን ታውቀዋለች። አካውንቱን የከፈተ ዕለት "ያንቺን ስም ነው የሞላሁት" ብሎ ምሎላታል።

"ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሰው ስም ማን ነው?"

"ሌላ ጥያቄ የለም?"

"የለም።"

የሆነ ነገር አጉተመተመ።

"አልተሰማኝም ጌታዬ። ጮክ ይበሉ።"

"እጮኛዬ አጠገቤ ናት እኮ።"

"እንግዲያው እንደተቆለፈ ይቆያላ።"

ወንበሯን ደገፍ ብላ ጠበቀች። አማቶቹ ፊት ስሟን ሊጠራው ነው።

"ሶስና" አለ ጮክ ብሎ።

ሊያመልጣት የፈለገ መሰላት። ስሕተት መሆኑን ልትነግረው እየቸኮለች ስሙን ጻፈችው።

ማያው አረንጓዴ ሆነ።

"እህቴ፣ ተከፈተ?" አለ ያፌት።