የሃምሳ ሰባቱ ወይስ የሰባ ሁለቱ

«እትዬ ዘመናይ፣ በየትኛው እንሂድ?»

 ኤዶሳ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይጠብቀኛል። በምንኖርበት የፈረንጅ አገር፣ ሲዋርድ በሚባለው ሰፈር፣ በአባቱ በሙሊሳ ጋራዥ በር ላይ፣ ለሠርግ የሚያከራያቸው ሁለት አሮጌ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። ዛሬ አንዱን ለልጁ ፈቅዶለታል፤ ልጄን ሊናን ይዞ ፕሮም ወደሚሉት የትምህርት ቤት ጭፈራ ሊሄድ ነው። እኔም እስከ ጭፈራው በር ድረስ አብሬያቸው ልሄድ ጃኬቴን ለብሼ መጥቻለሁ።

እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ የምታስተምረን ሴት፣ ሁለት ነገር ስታወዳድሩ ወረቀቱን መሐል ለመሐል በመስመር ክፈሉት ትለናለች። በልቤ መስመር አሰመርኩ።

በፈረንጆቹ በሃምሳ ሰባት የተሠራው ሼቭሮሌ ሰማያዊ ነው፤ ሰፊ፣ ኋላው እንደ ዓሣ ክንፍ ሽቅብ የወጣ። በሩን ከፈትኩት። ጋቢናው አንድ ረጅም ሶፋ ነው። ማርሹ መሪው ጎን ተሰክቷል፤ በሾፌሩና አጠገቡ በምትቀመጠው መሐል ምንም የለም። ከዳር እስከ ዳር በእጄ ዳሰስኩት። ያንሸራትታል።

«ቀበቶውስ?»

«ይኼኛው የለውም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ስትታጠፍ ሰው ወዴት ነው የሚንሸራተተው?»

«እንደ መታጠፊያው ነው» አለና ሳቁን ዋጠ።

«ማሚ፣ ሲሪየስሊ? የምርሽን ነው?» አለች ሊና።

ወደ ሰባ ሁለቱ ኮርቬት ዞርኩ። ቀይ ነው፣ መሬት ላይ የተለጠፈ። ጎንበስ ብዬ በመስኮቱ አየሁ። ሁለት ወንበር፣ ለየብቻ። መሐላቸው ከፍ ብሎ ማርሹና የእጅ ፍሬኑ ቆመውበታል፤ አጥር በሉት። ቀበቶም አለው።

ግን ቀዩ አቧራ ለብሷል። ሰማያዊው ጎማው ሳይቀር ታጥቦ ያብረቀርቃል። ልጁ የቱን እንዳሰበ ገባኝ።

«በቀዩ» አልኩ።

ኤዶሳ ሊናን አያት። እሷ ጫማዋን አየች።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በቀዩ አልኩህ እኮ!»

ሊና ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። እኔም በሩን ይዤ፣ «በይ ወንበሩን እጠፊልኝ፣ ከኋላ ልግባ» አልኳት።

«ማሚ፣ ኋላ የለውም።»

አንገቴን አስገባሁ። ከወንበሮቹ ጀርባ ምንጣፍ የለበሰች ጠባብ ቦታ አለች፤ ለሻንጣ እንጂ ለሰው አትሆንም።

«ሰማያዊውን ያጠብኩት እኮ የኋላ ወንበር ስላለው፣ እርስዎም ይመጣሉ ብዬ ነው» አለ ኤዶሳ። ፊቱን ባየው ባየው እውነቱን ይሁን ውሸቱን መለየት አቃተኝ። «እንቀይር እንዴ?»

ሊና ቀበቶዋን አሰረች። «አንቺ ነሽ የመረጥሽው» አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ።

ቃሌን ማጠፍ አፈርኩ። በሩን ራሴ ዘጋሁላት።

ሁለቱ በቀዩ ሄዱ። እኔና ሰማያዊው ቀረን።