ልጄና የምንዛሪው ሰሌዳ

እህቴ፣ ልጅ ካለሽ ይገባሻል። ባንክ ውስጥ ከልጄ ጋር ቆሜያለሁ።

ልጄ ጫማ ሰሪ ነው። ማሽኖቹን ሲገዛ ወለዱ ያንሳል ብሎ በዶላር ተበደረ፤ እኔም ቤቴን አስያዝኩለት። ጫማውን የሚሸጠው ግን በአገራችን ገንዘብ ነው። ዶላሩ ሲወጣ ዕዳው አብሮ ወጣ። እሱ ደግሞ "ይወርዳል፣ ይወርዳል" እያለ ሰውነቱ አለቀ።

"እማማ፣ የዶላር ብድሩን የማዞሪያው ጊዜ ዛሬ ያበቃል" ትለኛለች የብድር ሠራተኛዋ። "በዛሬው ምንዛሪ ወደ አገር ገንዘብ ካዞራችሁት፣ ከእንግዲህ ዶላሩ ሰማይ ቢነካም ዕዳው ንቅንቅ አይልም። ድሮ ግማሹ ተበዳሪያችን በዶላር ነበር የሚወስደው። አሁን የቀራችሁት በጣት የምትቆጠሩ ናችሁ፤ ሌላው አዙሮ ተገላግሏል።"

"ዛሬ ካዞርኩት እኮ ዕዳው እጥፍ እንደሆነ ይቀራል!" ይላል ልጄ። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ካለው የምንዛሪ ሰሌዳ አይነቀልም። "ነገ ቢወርድስ?"

"ወንድም" ይላል ከኋላችን ወረፋ የያዘ ሰውዬ፣ "ሰሌዳውን ልታገባው ነው እንዴ? ወስን እንጂ!"

ሰዉ ይስቃል። ልጄ አይሰማም። ቁጥሩ ብልጭ ብሎ ይቀየራል። አሁንም ወጣ።

"እማዬ፣ ቤትሽን በላሁት" ይለኛል በሹክሹክታ። "ብሞት ይሻለኛል።"

ይቺን ቃል ሰሞኑን ደጋግሟታል። ሲተኛ ሄጄ ትንፋሹን አዳምጣለሁ፣ እንደ አራስ ልጅ።

ሰሌዳውን ልጋርድበት ፊቱ እቆማለሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ደረቱ ጋ ነው የምደርሰው! ጉንጮቹን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ታች እስባለሁ።

"እኔን እይ። ቤቱን የሰጠኝ አምላክ ነው፤ ካለም ይውሰደው። እኔ አንተን እንዲያቆይልኝ ነው የምለምነው። ሰማኸኝ?"

ዋሱ እኔ ነኝና ቀድሜ እፈርማለሁ። እስክሪብቶውን ስሰጠው እጁን አይዘረጋም። የጨበጠውን መዳፉን ፈልቅቄ አስይዘዋለሁ።

ይፈርማል።

ከዚያ ግንባሩን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ይደገፈኛል፣ ያ ሁሉ ቁመት። ይከብዳል። እግሬ አይችለውም፤ ቢሆንም ንቅንቅ አልልም።

እባክሽ፣ ስትጸልዪ ልጄን አንሺልኝ። ስሙን ባታውቂውም ግድ የለም። "ጫማ ሰሪው" በዪ፤ አምላክ ያውቀዋል።