ማኅተም የሌለው ማመልከቻ

ሳይቱ ላይ ሁሉም «ሴራሚክ» ይሉታል። የሕንፃውን ሴራሚክ በሰብ ኮንትራት የያዘው እሱ ነው፤ ስሙን የጠየቀው የለም። ማታም ያላለቀው ፎቅ ላይ ብቻውን ያድራል።

ግብር መሥሪያ ቤት ግን ሠራተኛዋ በር ላይ ቆማ ጮክ ብላ ተጣራች፤ «አቶ ይርዳው ጠናጋሻው!»

«አቤት!» ብሎ ብድግ አለ።

«የግብር ተመላሽ ማመልከቻዎ ዛሬም ማኅተም የለውም እኮ፣ ጋሼ! ባለፈውም ነግሬዎት ነበር። ይዘውት ቢመጡ አሁኑኑ እጨርስልዎት ነበር፤ ከዚያ በኋላ መመላለስ የለም።»

«ረሳሁት፣ የኔ ልጅ። ሰኞ ይዤ እመጣለሁ።»

«እሺ፣ ሰኞ እጠራዎታለሁ።»

አመስግኖ ወጣ። ደረጃው ላይ ሲደርስ እጁን ኪሱ ከተተና ማኅተሙ አለመውደቁን አረጋገጠ።