የዘገየችው ባንዲራ

ቬሊሚር የጫማውን ማሰሪያ አስሮ መጨረሱን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። እኛ የአውራጃው የእግር ኳስ ዳኞች የሩጫው መም ዳር ቆመን ስንጠብቀው ነበር። ሃምሳን ካለፈ ቆይቷል፤ ለሱ ማጎንበሱም ራሱን የቻለ ስፖርት ነው።

የዳኞች ዓመታዊ የአካል ብቃት ፈተና አጭር ነው። ባንዲራ ሲወርድ ትሮጣለህ፣ ከዚያ ትንሽ ትራመዳለህ፣ ባንዲራ ሲወርድ ደግሞ ትሮጣለህ። ያቋረጠ ዘንድሮ አያጫውትም። ቬሊሚር ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ከእሁድ ጨዋታ በቀር የሚሄድበት የለውም። ባንዲራዋን የያዘው ኦብራድ ይህን ያውቃል፤ የቬሊሚርን ልጅ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። በሰርቢያ ደግሞ አበልጅን ከመጣል ቤተ ክርስቲያን መዝረፍ ይቀላል።

የልብ ትርታ በሩጫው ትወጣለች፣ በእርምጃው ትወርዳለች። ሰው የሚለካው በሩጫው ሳይሆን በእረፍቱ ነው ብሎ ያስተማረን ራሱ ቬሊሚር ነው። የኛ ትወርዳለች። የሱ ግን፣ እየተራመደ እንኳ፣ አንገቱ ላይ ደም ስሩ ይዘላል። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

አጠገቡ ያለችው ስኔዣና፣ ከሁላችንም ፈጣኗ፣ ጠጋ ትላለች።

«እንዴት ነው አጎቴ?»

«አንቺን... ብዬ ነው... ቀስ ያልኩት።»

ከዚህ በኋላ ባንዲራዋ ትዘገያለች። ኦብራድ ዝንብ ያባርራል። ቀጥሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ቀጥሎ ደመና ይመረምራል። ሰዓቱን የሚያይ የለም። ስኔዣና ጠጠር ገባብኝ ብላ ጫማዋን ታወልቃለች፤ ከጫማው የሚወጣ ነገር ግን የለም።

በመጨረሻ ያልቃል።

«አልፈሃል አበልጄ» ይላል ኦብራድ፣ ዓይን ዓይኑን ሳያይ።

እናጨበጭባለን። እንደ ጎረምሳ ሮጥክ እንለዋለን። አንዱ የፕሪም አረቄ በኔ ነው ይላል። ከዚያ ደንቡ ፎቶ ነው፤ ያለፈ ዳኛ ፊሽካ በአፉ ይዞ ይነሳል። ቬሊሚር ደረቱን ይነፋል፣ ፊሽካውን ይነክሳል። ኦብራድ ስልኩን ይደቅናል።

ፊሽካው ይጮኻል። አጭር፣ ቀጭን። ወዲያው ይደግማል። ቬሊሚር ትንፋሹን ሊውጥ ይታገላል፤ ፊሽካው ግን በየትንፋሹ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ፣ ይጮኻል።

ማናችንም አንስቅም። ሜዳው መሃል ልምምድ ላይ የነበሩት ልጆች ኳሳቸውን አቁመው፣ ማን ምን እንዳጠፋ ለማየት ወደ እኛ ይዞራሉ።