ያልተዋጠው ክኒን

ጉንፋን አልጋ ላይ የጣላት እህቱ አጠገብ ሾርባ ይዞ ሲቀመጥ፣ የጠዋቱ ክኒን ከሸሚዙ ኪስ ሾልኮ ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ። አፍጥጣ አየችው።

"አልዋጥከውም?"

"ዛሬን ብቻ ነው፣ እታለም።"

"አንተ ሰው፣ ምን ይሻልሃል? ስንቴ ልንገርህ! ሰውነትህ ኩላሊቴን 'ባዕድ መጣብኝ' ብሎ እንዳይዋጋው የሚያዘናጋልህ እኮ ይሄ ክኒን ነው። ሆዴን አስቀድጄ የሰጠሁህን ልታስፈጀው ነው?"

እሱ አቀርቅሮ ሾርባውን ማማሰል ያዘ። ልጅ ሆኖም ጥፋቱ ሲነቃበት እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

"መልስ እንጂ! አፍህን ምን ዘጋው?"

"ክኒኑን ከዋጥኩ የሰውነቴ በሽታ መከላከያ ይተኛል" አለ በመጨረሻ። "ሐኪሙ ደግሞ 'ጉንፋን የያዘው ሰው ጋ ድርሽ እንዳትል' ብሎኛል። ታዲያ ሳልተወው እንዴት ልምጣልሽ? ከእኔ ሌላ ማን አለሽ?"

ልትጮህበት አፏን ስትከፍት ሳል ቀደማት። አንሶላውን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተሸፈነችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"አንሳና ዋጠው" አለችው፤ ድምፅዋ ከአንሶላው ሥር ታፍኖ ወጣ። "ከዚያ ውጣልኝ። ከበሩ ውጪ ሆነህ አውራኝ።"